የሕግና የሥነ ልቡና ጣምራ ትምህርት፤ ማን ፈራው?

ሕግ የምናጠና ጥቂት ተማሪዎች ባለፈው ሴሚስተር አንድ ማመልከቻ ጽፈን ለሚመለከተው ክፍል አቅርበን ነበር። የጠየቅነው ብዙ አይደለም። ሕጉን ሳንተው ሥነ ልቡናን ጎን ለጎን እንድንማርና በሁለቱም እንድንመረቅ ይፈቀድልን ነው ያልነው። መልሱ ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣ። አንድ መስመር ተኩል ነው፤ «አሠራሩ አይፈቅድም፤ ተማሪ በአንድ ትምህርት ቢያተኩር ይመረጣል» ይላል። በወረቀቱ ላይ ከመልሱ ይልቅ ማኅተሙ ሰፊ ቦታ ይዟል።

«አሠራር» የሚባለው ነገር ከሲና ተራራ የወረደ ጽላት አይደለም። ሰዎች በስብሰባ ጻፉት፤ ሰዎች በስብሰባ ሊለውጡት ይችላሉ። ስለዚህ ክርክሩን ከመዝገብ ቤት አውጥቼ በዚህች በኅብረታችን ወረቀት ላይ በመምህራንና በተማሪዎች ፊት ላቀርበው ወድጃለሁ። የሚቃወመኝ ቢኖር በሚቀጥለው ዕትም ይጻፍብኝ፤ ደስ ይለኛል።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ከእኛው ወገን የቆሙ የሚመስሉትን አንዳንድ ሰዎች ከክርክሩ ላስወጣ። ሁለት ዲግሪ የሚፈልጉት ሁለት ወረቀት ስለሚሆን ብቻ የሆነ ወንድሞች አሉን። «አንዱ ባያስቀጥረኝ ሌላው ያስቀጥረኛል» ይላሉ። ቀን በመደበኛው አንድ ነገር፣ ማታ በኤክስቴንሽን ሌላ ነገር ይማራሉ፤ የቀኑ ደብተር ከማታው ደብተር ጋር ተነጋግሮ አያውቅም። የሥራ ማጣት ፍርሃታቸውን አልንቅባቸውም፤ ማን ያልፈራ አለ? ነገር ግን እኛ የጠየቅነው ይህን አይደለም። እኛ የምንፈልገው ሁለቱ ትምህርቶች በአንድ ራስ ውስጥ ተገናኝተው እንዲጣሉ፣ እንዲታረቁ፣ አንዱ ሌላውን እንዲመረምር ነው። ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ ለማሳየት ከአገሬ ልነሣ።

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው ወረታን የሚያውቃት ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መገንጠያዋና በሩዝ መፈልፈያ ወፍጮዎቿ ነው። ከመንገዱ በስተ ምዕራብ እስከ ጣና ድረስ የፎገራ ሜዳ ተዘርግቷል። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ወርደው ክረምት ሲገባ በሜዳው ላይ ይተኛሉ። ድሮ ይህ ውኃ የሚተኛበት መሬት የከብት ነበር፤ ስመ ጥሩዋ የፎገራ ላም ያደገችው በዚሁ ላይ ነው። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ከጅግናና ከሻጋ ገበሬዎች ማኅበራት ጋር ሩዝ ሞከሩ። የተሞከረው ነገር ያዘ፤ ዛሬ ወረታ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ያላት ከተማ ናት። ረግረግ ሆኖ ማንም የማይሻማበት መሬት ሲሶም ሩብም ሆኖ የሚታረስ፣ የሚከራይ፣ የሚወረስ ሆነ። የወል ግጦሽ የነበረው እየተቆረሰ ታረሰ። ዋጋ ያለው ነገር ባለበት ሙግት አለ፤ ሙግት ባለበት ደግሞ ምስክር አለ።

እንበል ሁለት ጎረቤቶች በድንበር ተካሰሱ። በ1998 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ሜዳውን ያጥለቀለቀው ያ ትልቅ ጎርፍ የድንበሩን ድንጋይ በደለል ቀብሮታል። ምስክር ሆነው የቀረቡት አንድ አዛውንት ናቸው። መስቀሉን ስመው፣ ምለው ቆሙ። ጠበቃው፥ «አባባ፣ ከጎርፉ በፊት ድንጋዩ ከግራሩ በላይ በኩል አልነበረም?» ብሎ ጠየቃቸው። አዛውንቱ አሰብ አድርገው «አዎ፣ በላይ በኩል ነበር» አሉ። እኚህ ሰው ዋሹ? አልዋሹም። እውነት ተናገሩ? ይህንንም አናውቅም። ከጎርፉ ወዲህ ሃያ ዓመት ሊሞላ ነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ነገሩ በዕድር፣ በማኅበር፣ በጠላ ቤት፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲወራ ኖሯል። ጥያቄው ራሱ መልሱን በትከሻው ተሸክሞ ገባ። ሕግ ብቻ የተማረ ሰው በፊቱ ያለው ሁለት ሣጥን ነው፤ እውነተኛ ምስክርና ሐሰተኛ ምስክር። ሦስተኛው ሣጥን፣ በቅን ልቡና የሚሳሳት ምስክር፣ በደብተሩ ውስጥ የለም። ቢኖርም በአንድ መስመር ታልፏል።

ይህ ሦስተኛው ሣጥን ተረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1974 ኤሊዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር የተባሉ የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች በአሜሪካ አገር ለተማሪዎች የመኪና ግጭት ፊልም አሳይተው፣ መኪኖቹ በምን ያህል ፍጥነት ይሄዱ እንደነበር ጠየቋቸው። ለውጡ በአንድ ግሥ ብቻ ነበር። «ሲነካኩ» ተብለው የተጠየቁት በአማካይ በሰዓት 32 ማይል ገደማ ገመቱ፤ «ሲላተሙ» በሚል ብርቱ ቃል የተጠየቁት ወደ 41 ማይል ወጡ። በሁለተኛው ሙከራ ደግሞ ከሳምንት በኋላ «የተሰበረ መስታወት አይታችኋል?» ተባሉ። በፊልሙ ውስጥ የተሰበረ መስታወት አልነበረም። ብርቱውን ቃል ከሰሙት 50 ሰዎች 16ቱ አይተናል አሉ፤ ቀለል ያለውን ከሰሙት 50 ግን 7ቱ። ቃል ትዝታን ከኋላ ሄዶ ይቀርጸዋል ማለት ነው። በዚያው አገር በዲ ኤን ኤ ምርመራ ንጹሕነታቸው ከተረጋገጠላቸው ከ300 በላይ እስረኞች መካከል ከ10ሩ 7ቱን ያህል ወደ ወህኒ የወሰዳቸው የዓይን ምስክር ስሕተት ነበር። ምስክሮቹ በአብዛኛው አልዋሹም፤ አይተናል ብለው አምነው ነበር።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ምስክሩን የጠራው ወገን መሪ ጥያቄ እንዳይጠይቀው ከልክሏል። መልካም ነው። ነገር ግን ይህ ጥበቃ የሚጀምረው ምስክሩ ችሎት ሲገባ ነው። ትዝታው ግን ችሎት የገባው ከብዙ እጅ በኋላ ነው፤ ፖሊስ ጠይቆታል፣ ዘመድ መክሮታል፣ ሽማግሌ አስምሎታል። ከዚህም በላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በ1949 እና በ1958 ዓ.ም. መካከል ስድስት ኮዶች ወጡልን፤ የወንጀለኛ መቅጫው፣ የፍትሐ ብሔሩ፣ የንግዱ፣ የባሕሩ፣ ሁለቱ የሥነ ሥርዓት ሕጎች። ከስድስቱ አንዱ እንኳ የማስረጃ ሕግ አይደለም። የምስክርን ቃል እንዴት እንደሚመዝን ለዳኛው የተተወለት ሚዛን የራሱ የሰው ማወቅ ነው። እንግዲህ ሰውን ማወቅ የሚያስተምር አንድ የትምህርት ክፍል ከሕጉ ሕንፃ መቶ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ እያለ፣ የወደፊቱን ዳኛ «ወደዚያ አትሂድ፤ አተኩር» ብሎ መከልከል ምን የሚሉት ማተኮር ነው?

ወደ ወንጀሉ ስንመጣ ነገሩ ይከፋል። በ1996 ዓ.ም. የታወጀውን የወንጀል ሕግ ክፈቱ። አንቀጽ 539 ከባድ የሰው ግድያን በዕድሜ ልክ እስራት ወይም በሞት ይቀጣል። አንቀጽ 541 ደግሞ በድንገተኛ ድንጋጤ፣ በብርቱ ስሜት ወይም በኃይለኛ ቁጣ ተገፍቶ የገደለን፣ ሁኔታው ቁጣውን ሊያስረዳና በመጠኑም ይቅር ሊያስብል የሚችል ሲሆን፣ ከአምስት ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት ይቀጣል። ከገመድ እስከ አምስት ዓመት! በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በሟቹ ሬሳ ላይ አይታይም፤ በገዳዩ ልብ ውስጥ፣ ምናልባት በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ነው ያለው። አንድ የፎገራ ገበሬ በውኃ ቦይ ላይ ተጣልቶ፣ በእናቱ ተሰድቦ፣ ወደ ቤቱ ሄዶ ተመልሶ ቢገድል፣ ያ የመሄድና የመመለስ ጊዜ ቁጣውን አብርዶታል ወይስ አክርሮታል? በዘመድ ፊት የተሰደበና ብቻውን የተሰደበ ሰው አንድ ናቸው? ወንድሙ ተገድሎበት «ደሙን ያልመለሰ» እየተባለ በሠርግ ላይ በግጥም የተነካስ? ዳኛው ይህን ሁሉ ይወስናል፤ የሚወስነው ግን በተማረው ሳይሆን በአስተዳደጉ ነው። የከተማ ልጅ ከሆነ በከተማ ልጅ ልብ፣ የባላገር ልጅ ከሆነ በባላገር ልብ ይፈርዳል። ተከሳሹ ዕድሉን ይጠብቃል።

በክርክራችን መካከል አንድ የማከብራቸው መምህር፥ «ለዚህ እኮ ባለሙያ አለ፤ ፍርድ ቤት ሲያስፈልገው ኤክስፐርት ይጠራል» አሉኝ። እርግጥ ነው። ጋሼ፣ እስቲ አንቀጽ 51ን አብረን እናንብበው። የተከሳሹ አእምሮ ሲያጠራጥር ፍርድ ቤቱ የባለሙያ ማስረጃ መስማት አለበት፤ የአእምሮ መናወጥ ወይም የሚጥል በሽታ ምልክት ከታየበት፣ ደንቆሮና ዲዳ ከሆነ ወይም በመጠጥና በአደንዛዥ ዕፅ ሥር በሰደደ ስካር ውስጥ ከሆነ ግዴታ ነው። ከዚህ በኋላ ግን ሕጉ አንድ ረቂቅ ነገር ይናገራል። ዳኛው የሚታሰረው በተረጋገጠው የሳይንስ ግኝት ብቻ ነው፤ ባለሙያው ከግኝቱ ተነሥቶ ስለ ሕጉ በሚሰጠው አስተያየት አይታሰርም። ስለዚህ ዳኛው በፊቱ የቀረበለትን የሦስት ገጽ ሪፖርት አንብቦ፣ እዚህ ድረስ ሳይንስ ነው፣ ከዚህ ወዲያ የባለሙያው ግምት ነው፣ ብሎ መስመር ማስመር አለበት። ሳይንሱን ያልቀመሰ ሰው መስመሩን ከየት ያመጣዋል? ካልቻለ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ሪፖርቱን እንደ ወንጌል ተቀብሎ ፍርዱን ለሐኪሙ ያስረክባል፤ ወይ ደግሞ «ደህና ይናገራል፣ ስሙን ያውቃል፣ ጤነኛ ነው» ብሎ በዓይኑ ይፈርዳል። ሁለቱም ሕጉን መጣስ ነው።

ባለሙያውስ ከየት ይመጣል? ለረጅም ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል በጣልያን ወረራ ጊዜ የተቋቋመው የአዲስ አበባው አማኑኤል ነበር። ከወረታ አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በወረዳ ፍርድ ቤት ለሚቆም አንድ ድሃ ተከሳሽ «ኤክስፐርት ይጠራል» ማለት በወረቀት ላይ ብቻ የሚጠራ ኤክስፐርት ማለት ነው። እንግዲህ ቢያንስ ጥርጣሬው መነሣት እንዳለበት የሚያውቅ፣ ይህ ሰው ይመርመር ብሎ የሚያመለክት ዐቃቤ ሕግና ጠበቃ በየወረዳው ያስፈልጋል። ጥርጣሬውን የሚያነሣ ከሌለ አንቀጽ 51 ተኝቶ ይኖራል።

ስለ ልጆች ብዙ አልናገርም፤ ነገሩ ግልጽ ነውና። ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም፤ ከ9 እስከ 15 ዓመት ላለው የተለየ ሥርዓት አለ፤ በፍቺ ጊዜ ልጅ ለማን ይሰጥ የሚለው የልጁን ጥቅም ተመልክቶ ይወሰናል። ያለ ዕድሜዋ የተዳረች ልጅ ችሎት ቀርባ ዝም ስትል ዝምታዋ ምን ማለት እንደሆነ የቤተሰብ ሕግ መጽሐፉ አያስተምርም። ይበቃል።

ሌላው ተቃውሞ ብርቱ ነው፤ ከእሱ አልሸሽም። «ሥነ ልቡና የፈረንጅ ነው። ፈተናውም ሚዛኑም የተሠራው በእነሱ ተማሪ ላይ ነው። እርሳስ ይዞ የማያውቀውን የፎገራ ሽማግሌ በእነሱ ሚዛን ልትመዝኑት ነው?» የሚል ነው። ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ጆሴፍ ሄንሪክና ባልደረቦቹ የሥነ ልቡና ምርምር በአብዛኛው በምዕራባውያን፣ በተማሩና በበለጸጉ ሰዎች ላይ ብቻ እየተሠራ የሰው ልጅ ሁሉ ነው እየተባለ እንደሚቀርብ ራሳቸው ጽፈው አጋልጠዋል። ነገር ግን ተቃዋሚዎቻችን አንድ ነገር ይረሳሉ። የወንጀለኛ መቅጫ ሕጉን የነደፈልን የስዊሱ ዣን ግራቨን ነው፤ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ የነደፈልን ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ነው። በፍትሐ ብሔሩ ውስጥ በየአንቀጹ ብቅ የሚለው «አስተዋይ ሰው» የተባለው ባለታሪክ ማን ነው? ወረታ ገበያ ላይ አይቼው አላውቅም። ሕጉ ከውጭ ሲመጣ አስተማሪዎቻችን በጸጋ ተቀበሉት፣ ተረጎሙት፣ አለመዱት። ሥነ ልቡናው ሲመጣ ግን ድንገት አገር ወዳድ ሆኑ። ሁለቱም መጻሕፍት የተጻፉት ለሌላ ሰው ከሆነ፣ ሁለቱን ይዞ ከእኛ ሰው ጋር የሚያስተያይ ሰው እኮ ነው የጎደለው! ያ ሰው ሁለቱን ካልተማረ በምን ያስተያያቸዋል?

ደግሞም የእኛ አባቶች ያለ ሥነ ልቡና ፈርደው አያውቁም። መጥፎም ጥሩም ሥነ ልቡና ነበራቸው። ሌባ ሻይን አስታውሱ። አንድ ልጅ መድኃኒት በወተት ይጠጣል፣ ትምባሆ ያጨሳል፤ ሰክሮ ይሮጣል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባላል። ይህ በሕፃን አእምሮ ላይ የቆመ የማስረጃ ሕግ ነበር፤ ስንት ንጹሕ ሰው እንደተዘረፈበትና እንደታሰረበት እግዚአብሔር ይወቀው። ቀርቷል፤ ደግ ሆነ። በሌላ በኩል አውጫጭኝ ነበር። አገሬው በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ያየ ሰው ስሙ ሳይገለጥ በ«ወፍ» በኩል ያወራል። ሥርዓቱ ጉልበተኛ ነው፤ ንጹሑንም ያጉላላል፤ እኔ ይመለስ አልልም። ነገር ግን ምስክር የሚፈራው ምን እንደሆነ፣ ሰው በጎረቤቱ ላይ በግልጽ ቆሞ ለመናገር ለምን እንደሚያቅተው ያወቀ ሰው ነው የፈጠረው። ዛሬ የምስክር ጥበቃ ስንል ይህንኑ በሌላ ቋንቋ እየተናገርን ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚያስገርመው የጉባኤ ቤቱ ነው። በጎንደር የመጻሕፍት ትርጓሜ ትምህርት አራት ክፍል አለው፤ ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንት፣ መነኮሳት። ፍትሐ ነገሥት የሚነበበው ከሊቃውንቱ ጉባኤ ነው። መጻሕፍተ መነኮሳት የሚባሉት፣ ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስ፣ አረጋዊ መንፈሳዊ፣ ከዳር እስከ ዳር የሚናገሩት ስለ ምን ነው? ሐሳብ በልብ ውስጥ እንዴት እንደሚጸነስ፣ ቁጣ እንዴት እንደሚነድና እንደሚበርድ፣ ትካዜ ሰውን እንዴት እንደሚያስት ነው። ይህ ሥነ ልቡና ካልሆነ ምን ይባላል? አራቱን ሁሉ የዘለቀው መምህር «አራት ዓይና» ይባላል፤ በአንዱ ብቻ ያተኮረውን አንድ ዓይና ብሎ ያመሰገነ ግን አልሰማሁም። እንግዲህ «በአንድ ትምህርት ብቻ ማተኮር» የሚለው ፈሊጥ ነው ከውጭ የመጣው፤ ጣምራው ትምህርት የአገር ልጅ ነው። ይህን ስል የጉባኤ ቤቱን ሥርዓት እንዳለ ወደ ዩኒቨርሲቲ እናምጣ ማለቴ አይደለም። «እንዲህ ያለ ነገር በእኛ ዘንድ አልተለመደም» ለሚሉን ግን መልሱ ይኸው ነው።

«ከሁለት ያጣ ጎመን ትሆናላችሁ» የተባልነውም አለ። ወደ ፎገራ ልመለስ። የፎገራ ገበሬ ሩዙ ገና ሳይታጨድ፣ ውኃው እየሸሸ መሬቱ እርጥብ እንዳለ ጓያውን ከሩዙ ሥር ይበትናል (የጓያን ክፉ ጎን፣ እግር መስበሩን፣ ለሐኪሞች ትቼ)። ሩዙ ሲነሣ ጓያው ቆሞ ይገኛል። በአንድ መሬት፣ በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ ያመርታል። «መጀመሪያ ሩዙን ጨርስ፤ ከዚያ በኋላ ጓያውን አስብበት» የሚል የግብርና ባለሙያ ቢመጣ ገበሬው ይስቅበታል፤ እርጥበቱ ይሄዳላ! መምህሮቻችን የሚሉን ይህንኑ ነው። ሕጉን ጨርሱ፣ ሥራ ያዙ፣ ከዚያ ከፈለጋችሁ ሥነ ልቡናውን ትማራላችሁ። ያ ጊዜ ሲደርስ እርጥበቱ የለም። ሰውየው ዳኛ ሆኗል፤ መዝገብ በላዩ ላይ ተከምሯል፤ በፊቱ የሚቆመውን ሰው የሚያይበት ዓይን ደርቋል።

ዛሬ የሕግ ተማሪ ከሥነ ልቡና የሚያገኘው ምን ያህል ነው? ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በአንደኛው ዓመት ለሁሉም የሚሰጠው አጠቃላይ ሥነ ልቡና አለ፤ ሦስት ክሬዲት ነው። ገና የትምህርት ክፍል ሳይመረጥ ይሰጣል፣ ይፈተኑታል፣ ይረሱታል። የሥነ ልቡና ተማሪስ ከሕግ ምን ያገኛል? ከዚያም ያንሳል። ሥነ ልቡና በአገራችን በመምህራን ትምህርት ክንፍ ሥር ስላደገ ደንበኛው ሁልጊዜ ተማሪ ቤት ነበር፤ ባሕር ዳርም ትምህርቱ የተተከለው በፔዳጎጂ አካዳሚው ዘመን በዚሁ መንገድ ነው። የሕግ ፋኩልቲ ደግሞ በ1956 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲከፈት ለፍርድ ቤትና ለመንግሥት ሰው ለማፍራት ታስቦ ነበር። ሁለቱ ከልደታቸው ጀምሮ ጀርባ ለጀርባ ናቸው። ስለዚህ ወህኒ ቤት የሚገባ የሥነ ልቡና ባለሙያ የእስረኛውን መብት አያውቅም፤ ወህኒ ቤት የሚገባ የሕግ ባለሙያ የእስረኛውን ልብ አያውቅም።

በሌላው ዓለም ክርክሩ አርጅቷል። ሁጎ ሙንስተርበርግ የሚባል የሃርቫርድ ፕሮፌሰር እ.ኤ.አ. በ1908 ስለ ምስክርነት ሥነ ልቡና መጽሐፍ አውጥቶ የሕግ ሰዎችን በአለማወቅ ወቀሰ። በማግሥቱ ዓመት የኖርዝዌስተርን የሕግ ትምህርት ቤት ዲን የነበረው ጆን ዊግሞር በልብ ወለድ የፍርድ ቤት ሙግት መልክ በጻፈው ምላሽ መሳቂያ አደረገው። ሳቁ ተገቢ ነበር፤ ፕሮፌሰሩ ያላረጋገጠውን ብዙ ነገር ተናግሯልና። ነገር ግን ዊግሞር በዚያው ጽሑፍ የሕግ ሰዎችንም በቸልታቸው ሳይነካቸው አላለፈም። ሁለቱ ሙያዎች ለመታረቅ ብዙ ዓመት ፈጀባቸው፤ የኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ ሕግንና ሥነ ልቡናን አንድ ላይ የሚያስተምር ፕሮግራም የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። የሌላውን ሰው የሰባ ዓመት ጭቅጭቅ እኛ ከመጀመሪያው ገጽ እንድንጀምረው የሚያስገድደን ምንድን ነው?

ጊዜውም አይጠብቀንም። ክልላችን ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነት ያላረፈበት ነው፤ ደቡብ ጎንደርም ከዚህ አላመለጠም። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል። ፖሊሲው በምን መንገድ እንደሚተረጎም ማንም የራሱ ሐሳብ ይኑረው። አንድ ነገር ግን እርግጥ ነው። አንድ ቀን ያየችውን የምትናገር ሴት፣ ልጁ በፊቱ የተገደለበት አባት በአንድ ችሎት ወይም በአንድ ኮሚሽን ፊት ይቆማል። መከራ ያየ ሰው ትዝታ እንደ ታሪክ መጽሐፍ በተራ አይደረደርም፤ ተቆራርጦ ይወጣል፣ ቀኑ ይምታታል፣ የሰውየው ፊት ሲጠፋ የጫማው ቀለም ብቻ ይቀራል፤ አንዳንዴም ተናጋሪው እንባ ሳያወጣ እንደ ባዕድ ነገር ይተርከዋል። በዛሬው ሥልጠናው የወጣ ዐቃቤ ሕግ ወይም ጠበቃ ይህን ሲሰማ የሚለው የታወቀ ነው፤ «ቃሉ እርስ በርሱ ይጋጫል፣ ምስክሩ አይታመንም»። ያን ጊዜ ያቺ ሴት ሁለተኛ ትበደላለች፤ በዳይዋም ሕጉ ይሆናል።

እርግጥ አንድ አደጋ አለ፤ ደብቄው አላልፍም። ሥነ ልቡና የቀመሰ ጠበቃ እውቀቱን ምስክር ለማደናገር ሊጠቀምበት ይችላል፤ ቀማሽ ፖሊስ ደግሞ ቃል ለማውጣት። ሕገ መንግሥቱ የተያዘ ሰው እንዲያምን እንዳይገደድ በአንቀጽ 19 ይከለክላል፤ በልቡና ላይ የሚደረግ ግዴታ ግን ሰንበር አይተውም። ለዚህ መድኃኒቱ ጥቂት ሥነ ልቡና ሳይሆን በቂ ሥነ ልቡና ነው። ያለ ሰንበር የተገደደውን ሰው ለይቶ የሚያውቅ ዳኛ ሲኖር የደንጋሪው ገበያ ይቀዘቅዛል። የሦስት ክሬዲቱ ኮርስ ግን በትክክል ለማደናገር ብቻ የሚበቃውን ያህል ነው የሚያስተምረው።

ወደ ጥያቄያችን ልመለስና ዝርዝሩን ላስቀምጥ፤ «የምትፈልጉትን አታውቁም» እንዳንባል። የሕጉ አምስት ዓመት እንዳለ ይቆይ፤ አንዲት ኮርስ አይቀነስልን። በላዩ ላይ አንድ ዓመት ተኩል ይጨመርና የሥነ ልቡናው ዋና ዋና ኮርሶች ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ከሕጉ ጋር እየተሰባጠሩ ይሰጡ፤ የወንጀል ሕግ በሚሰጥበት ሴሚስተር የአእምሮ ሕመም ሥነ ልቡና፣ የማስረጃ ሕግ በሚሰጥበት ሴሚስተር የትዝታና የአመለካከት ኮርስ፣ የቤተሰብ ሕግ በሚሰጥበት የልጅ እድገት። ስታቲስቲክሱን አንሽሽ፤ የማይቆጥር ሰው የባለሙያ ሪፖርት አያነብም። በመጨረሻው ዓመት ሁለት አማካሪ መምህራን፣ አንድ ከዚህ አንድ ከዚያ፣ የሚፈርሙበት አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ይሁን፤ ሁለት ጽሑፍ አይደለም። የሁለቱንም የመውጫ ፈተና እንቀመጣለን። ለጀማሪው ዙር አሥር ተማሪ ይበቃል፤ በነጥብ ይመረጡ፤ ሁለት ሴሚስተር ከወደቀ ወደ አንዱ ይመለስ። የተጨማሪውን ጊዜ የምግብና የመኝታ ወጪ ጉዳይ በወጪ መጋራቱ ውል ውስጥ ይግባ፤ በነጻ አልጠየቅንም።

ይህን ዝርዝር የያዘው አዲሱ ማመልከቻ በኅብረቱ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። እስከ ዓርብ የሚፈርም ይፈርም። የሥነ ልቡና ተማሪዎችም ኑ፤ በሁለተኛው ገጽ ላይ ለእናንተ የተዘጋጀ ጥያቄ አለ፤ ከሕጉ ትምህርት የትኞቹን ኮርሶች እንደምትፈልጉ እናንተው ጻፉበት፤ እኛ ገምተን ልንሞላው አልወደድንም። ከመምህራንም ሁለት ፈቃደኞች ያስፈልጉናል፤ ማመልከቻው ለትምህርት ክፍሎቹ ስብሰባ ሲቀርብ ከእኛ ጋር ገብቶ የሚናገር አንድ ከሕግ፣ አንድ ከሥነ ልቡና።